የግንቦት ልደታ ጉርሻ

ትርፌን ሰው የሚያውቃት በምላሷ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባላት ሱቅ ክርና አዝራር ስትሸጥ፣ የተከራከራትን ደንበኛ ሁሉ አፉን አስይዛ ነው የምትሸኘው። እንዲህ ያለችው ሴት በአንዲት ጉርሻ ፊት ዝም ትበል? ጉድ እኮ ነው።

ኢሊሊን የወሰደቻት በአደራ ነው። ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነው፤ አንገቷ አይጸናም፣ እጆቿ አይታዘዟትም፣ አትናገርም። ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የአደራ እናት ደግሞ ልጇን ነገ መልሺ ልትባል ትችላለች፤ ትርፌ ይህን እያወቀች ነው የተቀበለችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር። «ደህና ልጅ ሞልቶ እሷን?» ያሏትንም አልማረቻቸውም።

ያስቸገረው መብሉ ነበር። ኢሊሊ መዋጥ ይከብዳታል፤ ትንሽ የጓጎለ ነገር ካገኘች ምግቡ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ትርፌ ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ ታስቀምጣትና አገጯን ደግፋ ልሞ የተፈጨ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ታቀምሳታለች። እስክትውጥ ትጠብቃለች። ደግሞ ሌላ። ቁርሱ ሳያልቅ ምሳ ይደርሳል፣ ሱቁም ተዘግቶ ይውላል። አንዳንዴ ማንኪያውን ወርውራ ታለቅሳለች፤ ከዚያ አንስታ አጥባ ትመለሳለች። የማሳደጊያዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ መቅደላዊት በመጣች ቁጥር የምታስጠነቅቃት ነገር ቢኖር፣ ከትርፌ በቀር ማንም እንዳያጎርሳት ነበር።

ማን ሊያጎርሳት! የኮንዶሚኒየሙ ሰው ኢሊሊን ሲያይ የራሱን ልጅ እጁን ይዞ ከአጠገቧ ይጎትታል። ደረጃ ላይ ሲያገኟት የሚያማትቡም አሉ። ትርፌ ድካሙን ለምዳዋለች፤ መሸከም ያቃታት ይሄ ነበር።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። እንደ ወጉ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ሣር ጎዝጉዞ ተቀመጠ፤ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ አልጫው ቀረበ። ትርፌም ኢሊሊን ታቅፋ ወረደች። የግቢው ትልቅ ሰው እማማ ወለተሰንበት ናቸው፤ በዚያ ቀን ሁሉም ከእሳቸው እጅ ይጎርሳል። እሳቸው ያላጎረሱት ሰው ከጎረቤት አይቆጠርም። ዞረው ዞረው ኢሊሊ ጋ ደረሱ። አሮጊቷ በአልጫ የራሰ እንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«በሞቴ፣ የኔ እናት። አንቺም የኛ ነሽ።»

ትርፌ አደጋውን ታውቃለች። ልትከለክል እጇን አንስታም ነበር። ግን ያቺን ልጅ የኛ ነሽ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅምና ሆዷ ባባ፤ እጇን መለሰች። ለስላሳ ነው፣ አንዴ ነው፣ ምን ትሆናለች አለች በልቧ። ወይ ጣጣ። ኢሊሊ አፏን ከፈተች።

ሳል ብቻ ቢሆን በምን ዕድሏ። ፊቷ ጠቆረ፣ ትንፋሿ ጠፋ። ትርፌ ዘቅዝቃ ይዛ ጀርባዋን እየመታች፣ እየጮኸች፣ በስንት መከራ ታክሲ ተገኝቶ ሆስፒታል ደረሱ። ነፍሷ ተረፈች። ምግቡ ግን ሳንባዋ ገብቶ ኖሮ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኛች።

በማግስቱ እማማ ወለተሰንበት መጥተው ትርፌ እግር ላይ ካልወደቅኩ አሉ። ካነሳቻቸው በኋላ ኮሪደሩ ጥግ ስበው ለመቅደላዊት የምትለውን መከሯት። ትርፌ ውኃ ልታመጣ ቤት ገብታ ነበር፣ አሮጊቷ ያጎረሱት እሷ ሳታይ ነው እንድትል።

«እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል» አሏት። «ብቻ ልጅሽን እንዳታጪ።»

ትርፌ ያችን ውሸት ስታጠናት ዋለች። ከዋሸች ልጅቱ ትቀርላታለች፣ እውነቱን ካወጣች ትወሰድባታለች፤ ሌላ ነገር የለውም። መቅደላዊት መጥታ አጠገቧ ስትቀመጥ ውሸቱ አፏ ላይ ነበር። ግን ኢሊሊ በጭንብሉ ሥር ታቃስታለች። ነገም አንድ ሰው የኛ ነሽ ቢላት ትከለክላለች? ትርፌ በራሷ ላይ መማል አልቻለችም።

«እዚያው ነበርኩ» አለች። «ልጄን ሰው ብለው ስለቆጠሩልኝ ደስ ብሎኝ፣ እያየሁ ዝም አልኩ።»

መቅደላዊት አለቀሰች። ሆኖም ውሳኔው የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ኢሊሊ ሲሻላት ወደ ማሳደጊያው ትመለስ ተባለ። ትርፌ ለመነች፣ ደጅ ጠናች፣ እማማም አብረዋት ተንከራተቱ። የሰማቸው የለም።

ኢሊሊ ከሆስፒታል በምትወጣበት ጠዋት ቀመሪያ የምትባል ሞግዚት ከማሳደጊያው መጣች። አመጋገቧን አሳዪያት ተባለችና ትርፌ አሳየቻት፤ አገጩን እንዴት እንደምትደግፍ፣ ማንኪያውን፣ መጠበቁን። ቀመሪያ ደግ ሴት ናት፣ አትቸኩልም። ኢሊሊ ግን ማንኪያው ሲቀርብ ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ወደ ትርፌ ታዞራለች። ሞግዚቷ ደጋግማ ሞከረች፤ ገንፎው በአገጯ ወረደ።

ቀመሪያ አንገቷን ደፋች። «እርስዎን እያየች ከእኔ እጅ አትበላም» አለች ቀስ ብላ።

ትርፌ ተነሳች። ኢሊሊ ቀሚሷን ጨብጣ ስለነበር ጣቶቿን አላቀቀቻቸው፤ ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋች። ልጅቱ አለቀሰች። ትርፌ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ግቢ ግቢ የሚላትን እግሯን ይዛ። ብዙ ቆይቶ ለቅሶው ቀነሰ፣ ከዚያም ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ተሰማ።

«እየበላች ነው» አለች ቀመሪያ ከውስጥ።

ትርፌ ደረጃውን ይዛ ወረደች።