አንገቴ ላይ የከረመው ቁልፍ

የነርስ ተማሪዎች አስተማሪ ልጆቹን አስከትሎ፣ አሻንጉሊትና አንድ ጥቅል ቀይ የሹራብ ክር ይዞ ዋርዴ ሲገባ ደሜ ፈላ። የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ በሽተኛ እንጂ አሻንጉሊት ተኝቶ አያውቅም።

«ጨዋታ ነው ሲስተር» አለኝ። ድሮ መርፌ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ ነው። «ሥራው የት ጋ እንደሚጓተት በጨዋታ እናገኝና እናሻሽለዋለን።»

«እኔ ዋርድ ውስጥ የሚጓተት ነገር የለም!»

ከተማሪዎቹ መሀል የእህቴ ልጅ አንገቷን ደፋች። አመሌን ታውቀዋለች።

አሻንጉሊቱ አልጋ ላይ ተኛና ትንፋሽ አጥሮታል ተባለ። እያንዳንዷ ተማሪ በተራዋ የክሩን ጫፍ አልጋው ላይ አስራ፣ በሄደችበት ሁሉ እየተረተረች፣ መድኃኒቱን በሁለት ደቂቃ ካመጣች አሻንጉሊቱ ይድናል።

የመጀመሪያዋ አራት ደቂቃ ፈጀች፤ ሞተ። ሁለተኛዋም ገደለችው። ሁለቱም አንሶላ ወደምቆጥርበት ዕቃ ቤት እያለከለኩ መጥተው የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ቁልፍ ጠየቁኝ፤ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። «ድሮስ የዘንድሮ ልጅ!» አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ነበረች። ቁልፉን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም።

«አክስቴ፣ እንዳትቆጪኝ። እስቲ ክሩን ተከትለሽ ነይ።»

ሥራ ቦታ ሲስተር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔ ክሩ ላይ ቀረ። የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ከአልጋው አምስት እርምጃ ነው። ሦስቱም ክሮች ግን አልፈውት፣ ኮሪደሩን ጨርሰው፣ እኔ እግር ሥር ተከምረዋል። ከዓመታት በፊት መድኃኒት ጠፍቶ በእኔ ስለተሳበበ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላመንኩም።

አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ፈራሁ፤ አሻንጉሊት ባይሆንስ?

ቁልፉን ለተረኛዋ ነርስ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። በየፈረቃው ፈርመው እንዲረካከቡት አዘዝኩ።

«ምን ትገተራላችሁ? እንደገና ተጫወቱ!»

በሃምሳ ሰከንድ አሻንጉሊቱ ዳነ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እዚያው አልጋ ላይ የተኙ አንድ አዛውንት ትንፋሽ አጠራቸው። ጥሪውን ስሰማ እጄ በልማዱ አንገቴን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ሮጬ ስደርስ ተረኛዋ መድኃኒቱን ሰጥታ ጨርሳለች፤ ትንፋሻቸው እየተመለሰ ነው። ትንሽ ሻል ሲላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ሲስተር፣ ዛሬስ ዘገዩ?»

በዕድሜዬ መዘግየት እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።