የመደዳው ብሬከር

ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ድንጋይ አበቅላለሁ" እል ነበር። ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ደግሞ "አማኑኤል እኮ ቅርብ ነው" ይለኛል። ይበሉ፣ ምን ገደደኝ።

ወንድሜ ደምመላሽ ሰባተኛ ሰፈር የቤት ዕቃ ይሸጣል፦ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ፔርሙስ፣ የጋዝ መለኮሻ። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን መጋዘን ለምኜው ምድጃዬን ተከልኩባት። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። አንድ ነጭ የኬሚካል ዱቄት በፕላቲነም ኩባያ ከሺህ ሁለት መቶ ዲግሪ በላይ አቀልጠዋለሁ። የጣት ጫፍ የምታህል የክሪስታል ዘር ከላይ አውርጄ የቀለጠውን በትንሹ አስነካታለሁ፤ ከዚያ እያሽከረከርኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ላይ እስባታለሁ። የቀለጠው ዘሯን ተከትሎ እየረጋ ይወጣል። እንዲህ ያደገ ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል። የውሃ ፍሰት መለኪያ የሚገጣጥም አንድ ፋብሪካ ይሄንኑ ይፈልጋል።

ፋብሪካው ውስጥ ያለው ኢንጂነር ሙናዊር አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። "ፋናዬ፣ ስንጥቅ የሌለባት አንዲት ክሪስታል ማክሰኞ አሳዪኝ፤ አለዚያ አለቆቼ ከውጭ ለማስመጣት ይፈርማሉ" አለኝ። ደምመላሽም በበኩሉ "ይቺኛዋ ካልወጣችልሽ መጋዘኔን ልቀቂልኝ፣ የበዓል ዕቃ ይገባል" ብሏል። አልፈረድኩበትም። የፊተኞቹ ሁለቱ መብራት እየጠፋ ተሰነጣጥቀውብኛል። ለሦስተኛዋ የአንገት ወርቄን ሸጬ፣ መብራት ቢሄድም ምድጃውን ለሰዓታት የሚያሠራ ባትሪ ገዛሁ።

ሦስተኛዋ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት በምድጃው መስኮት አየኋት፤ ጥርት ያለች፣ አንድ ጭረት የሌለባት። ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ደምመላሽን ጠርቼ አሳየሁት።

"አለቀ በይኛ" አለ።

"አላለቀም። እስከ ነገ ማታ ሙቀቱን በትንሽ በትንሹ መቀነስ አለብኝ። ድንገት ከቀዘቀዘች ትሰነጠቃለች።"

"እሺ" አለ። ደምመላሽ ለደንበኛም፣ ለቀበሌም፣ ለእኔም እሺ ማለት ይወዳል።

ቡናችንን እንኳ ሳንጠጣ ጎረቤታችን እትዬ አበራሽ ማረፋቸው ተሰማ። በርበሬና ቅመም ነበር የሚሸጡት። ከሱቅ መደዳችን ሰው ሁሉ ያልሳቁብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በመጋዘኑ በር ብቅ ብለው፣ ስለ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "ድንጋይሽ አደገልሽ?" ይሉኝ ነበር። ማደጓን ሳልነግራቸው ሄዱ።

የእኛ መደዳ ሕግ አለው። ሰው ሲሞት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ሁሉም ሊቀብር ይወጣል። የኋላው መደዳ በእሳት ካለቀ ወዲህ ደግሞ መጨረሻ የሚወጣው ሰው የመደዳውን መብራት ሁሉ የሚያጠፋውን የጋራ ብሬከር ያወርዳል። እኔ ልቀር ነበር።

"ከአበራሽ ቀብር ልትቀሪ?" አለኝ ደምመላሽ። "ለአንድ ድንጋይ ብለሽ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሰው ለሚለው አይደለም፣ ለእሳቸው ስል ሄድኩ። የሙቀት መቀነሻውን በራሱ እንዲሠራ አስተካክዬ፣ የወንድሜን እጅ ይዤ፣ "ደሜ፣ ብሬከሩን እንዳታወርድ" አልኩት።

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ቀብሩ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ፤ እሱ መጨረሻ መጣ። አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ እሱ ተጠጋሁ።

"ደሜ፣ ብሬከሩስ?"

ነጠላውን አስተካከለ። "ፋኒ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ እንዴት ብዬ እተወዋለሁ? እሳት ቢነሳ ማን ሊጠየቅ ነው?"

"ባትሪው ግን አለ" አልኩ፤ ለእሱም ለራሴም።

"እሱማ ጢጥ ጢጥ እያለ መደዳውን ሁሉ አወከ። አጠፋሁት። ደግሞ የሚበርድ ዕቃ መብራት ምን ያደርግለታል?"

ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። የመጋዘኑን በር ስከፍት ከምድጃው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ብሬከሩን መልሼ ባነሳው የሚጠቅመኝ ነገር አልነበረም። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ አዳመጥኩ።

ማታ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ሀብተ ወልድ ሰው ሁሉ እየሰማ "ዛሬ ደምመላሽ ባያስታውስ ኖሮ መደዳችን መብራቱ እንደበራ ይውል ነበር፤ ተባረክ" አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለ። ንፍሮውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ሙናዊር መጣ። አንዱን ስባሪ አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። "ስትወጣ ንጹሕ ነበረች" አለ፤ ያወቀልኝ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ለአለቆቹ ስባሪ ማሳየት አይችልም። በዚያው ሳምንት ፈረሙ። ምድጃዬ በጋሪ ተጭኖ ወጣ፣ በቦታው ባልዲና ሳፋ እስከ ጣሪያ ተደረደረ።

አሁን ከደምመላሽ ጎን ቆሜ እሸጣለሁ፤ መሄጃ የለኝማ። ብዙ የሚሸጠው የጋዝ መለኮሻው ነው። ሲጫኑት ውስጡ ያለችው ቁራጭ ድንጋይ እሳት ትረጫለች፤ የእኔ ድንጋይ የሥጋ ዘመድ ናት።

ትናንት አንድ ደንበኛ ጥግ ላይ ስለቀረው የምድጃዬ ባዶ ማሸጊያ ሳጥን ሲጠይቅ፣ ደምመላሽ ከንፈሩን መጠጠና "እህቴ የሆነ ክሪስታል ልትሠራ ሞክራ ነበር፣ አልሆነላትም" አለው። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ወደ ባልዲዎቹ መለሰ።

ደንበኛው መለኮሻውን አንስቶ ቀጭ ቀጭ አደረገው። "ይሄ ግን ይሠራል አይደል?" አለኝ።

"ይሠራል" አልኩት። "የውጭ ነው።"