የኦቦ ሁሴን ምስክሮች

‹‹ለመሆኑ እኚህ ሰው አገራቸው የት ነበር?››

ጥያቄው በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ድንኳኑን ሲደበድብ የቆየው ዝናብ ድንገት ጋብ ስላለ ዘሀራ ጆሮ ገባ።

‹‹የመን ነው ይላሉ›› አለች ሌላዋ ለቀስተኛ።

‹‹የምን የመን? የአምቦ ሰው ናቸው›› አሉ አዴ ወርቂቱ፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው። ‹‹እኔ ሳገባ ሻሽ የተገዛልኝ ከሳቸው ሱቅ ነው።››

ዘሀራ ሰሊኑ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አላለችም። አባቷ ትናንት ነው የተቀበሩት። ሰዉ ‹‹አላህ ይራህማቸው›› እያለ ይገባል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ቡናውን ፉት ብሎ ይወጣል። አንገቷን መድፋቷን የሚያይ ሁሉ ሐዘኑ የሰበራት ይመስለዋል። እሷ ግን መርጋን ላለማየት ነበር። መርጋ ከእድሩ ሰዎች ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል።

መርጋ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከዘሀራ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ያን ቀን፣ ቢሮው ውስጥ የሆነውን ከእሷ ሌላ የሚያውቀው እሱ ነው።

አባቷ ሁሴን ከየመን ሲመጡ ጺማቸው ገና አላቀመቀመም ነበር። አምቦ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ የስልጤዋን ሰኪናን አገቡ። ኦሮምኛውን እንደ አገሬው አቀላጠፉት፤ አማርኛው ላይ ግን ምላሳቸው እስከ መጨረሻው አልተገራም። ባላገሩ ‹‹ኦቦ ሁሴን›› ይላቸው ነበር፤ ከዚያ በላይ ማን ነህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። አብዮቱ መጣና ሱቁ የነበረበት ቤት ተወረሰ። ቀጥሎ ሰኪና ሞተች። ሽማግሌው አንድያ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ዘሀራም በታይፒስትነት በምታገኘው ደሞዝ ታኖራቸው ጀመር።

ያኔ ማንነታቸው መጠየቅ ጀመረ። የመኖሪያ ፈቃድ ይታደስ፣ ለምን ዘገየ፣ ከውጭ አገር ማን ይጽፍልሃል። ዘሀራንም መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ አንድ ጓድ ‹‹የዓረቡ ልጅ›› ብሎ ጠራትና ሰዉ ዞሮ አያት።

‹‹ዜግነት እናውጣልህ አባባ›› አለቻቸው ማታውኑ። ‹‹አንተም ታርፋለህ፣ እኔም ስሜ ይነጻልኛል።››

አባቷ ልብ ያሉት ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ነበር። ‹‹እሺ ልጄ›› ብቻ አሉ።

ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት አውራጃው ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር። ጠያቂው መርጋ ሆነ።

‹‹በምን ይተዳደራሉ አባቴ?››

‹‹ነጋዴ ነኝ›› አሉ ሁሴን። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት፤ ለዚያ ቀን ብለው ኮታቸውን በካውያ አስተኩሰዋል።

ዘሀራ ሳቀች። ‹‹አባባ ደግሞ። የምን ንግድ? ምንም የለውም መርጋ። የማበላው እኔ፣ የማለብሰው እኔ። ሕፃን ልጅ በለው።››

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጸሐፊዎችም አብረዋት ሳቁ። እንዲህ ማለቷ መርጋን የሚያራራው፣ ነገሩንም የሚያፋጥነው መስሏት ነበር። ለራሷ እንዲህ ትበል እንጂ፣ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመች ሰው እንዲያውቅላትም ፈልጋ ነበር።

መርጋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ‹‹ሕጉ እኮ ራሱን የሚያስተዳድር ሰው ነው የሚለው፣ ዘሀራ። እንዲህ ካልሽኝ በኋላ ልልከው አልችልም። ሠርተው እንደሚያድሩ የሚመሰክር ሰው ሲያገኙ ያን ጊዜ ይምጡ።››

ወደ ቤት ሲመለሱ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻገሩ።

‹‹አስቀየምኩህ እንዴ?›› አለች በመጨረሻ።

‹‹ውሸት አልተናገርሽም›› አሉ አባቷ።

ከዚያ ወዲያ ሁሴን ጊንጪ ያለው ወዳጃቸው ሽፋ ዘንድ መሰንበት አበዙ። ሲመለሱ የቀረበላቸውን በልተው በጊዜ ይተኛሉ። ዘሀራ ምን ትሠራለህ ብላ አልጠየቀችም፤ እንዲያውም እሳቸው በሌሉበት ቀን ቤቱ ጸጥ ሲልላት ደስ ይላት ነበር። በመጨረሻው ጊዜ በሐምሌ ዝናብ በስብሰው፣ እየሳሉ ገቡ።

‹‹ሽማግሌ ሰው አርፎ ቤቱ አይቀመጥም? አሁን ማን ሊያስታምምህ ነው?›› አለቻቸው።

አስታመመቻቸው እርግጥ። ግን የሳንባ ምች ይዟቸው ኖሮ አልሰነበቱም።

‹‹የኦቦ ሁሴን ቤት ይሄ ነው?››

የለቅሶው ድንኳን አፍ ላይ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌና ጆንያ ያዘለች ሴት ቆመዋል። ልብሳቸው የክት ነው፤ እግራቸው ግን እስከ ጉልበት በጭቃ ተለውሷል። ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ መልሰው ድንኳኑን ያያሉ። አዴ ወርቂቱ ተነስተው በኦሮምኛ ዝግ ብለው ነገሯቸው። ሴትየዋ ጆንያዋን እንዳዘለች ቁጭ አለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ውኃ ከተሰጣቸው በኋላ ሽማግሌው ወደ ዘሀራ ዞሩ። ‹‹ከደጋው፣ ከጎጆ ከተማ ነው የመጣነው። ጉዩ እባላለሁ፤ እሷ ባለቤቴ ዱሬቲ ናት። ዛሬ ኑልኝ ብለውን ነበር። ለምስክርነት።››

‹‹የምን ምስክርነት?››

‹‹ሠርተው የሚያድሩ ሰው መሆናቸውን ነዋ። አታውቂም እንዴ? ጎጆ ገበያ ሱቅ በደረቴ ነበሩ። ሳጥኑን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መርፌ፣ ክር፣ ማበጠሪያ ሲያዞሩ ይውላሉ። ዕቃውን የጊንጪው ሽፋ ነው የሚሰጣቸው። ሲመሽ እኛ ቤት ያድራሉ።››

‹‹በዚያ ብርድ?›› አለች ዘሀራ።

‹‹እኔም ብያቸው ነበር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ›› አለች ዱሬቲ። ‹‹‹የሚጦርዎ ልጅ የለዎትም ወይ?› አልኳቸው አንድ ቀን። ‹አለችኝ፤ ምንም አላጎደለችብኝም› አሉኝ። ‹በእኔ የተነሳ ሰው ፊት አፈረች። ሁለተኛ እንዳታፍር ብዬ ነው› አሉኝ።››

ዘሀራ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ያፈረችው እሷ እንዳልሆነች፣ ያሳፈረችው እሷ እንደሆነች ልትናገር አፏን ከፈተች። ድንኳን ሙሉ ሰው ያያታል። መልሳ ዘጋችው።

‹‹እንግዲህ ቃላችንን ሳንሰጥ መመለሳችን ነው›› አሉ ጉዩ። ‹‹የምንሰጠው ለማን ነበር?››

ዘሀራ ያኔ ነው ወደ ጥጉ ያየችው። ‹‹ለሱ ነበር›› አለች።

መርጋ ሰው እንዳዘዘው ከተቀመጠበት ተነሳ። ጉዩም ተነሱ፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ።

‹‹ኦቦ ሁሴን ነጋዴ ነበሩ። ማንንም አላታለሉም። ለራት እንኳ ባዶ እጃቸውን ቤታችን አልገቡም። ይህን በዓይናችን አይተናል፤ ዋቃ ይስማን።››

‹‹ሰምቻለሁ አባቴ›› አለ መርጋ። እንደቆመም ቀረ።

ዱሬቲ ጆንያውን ወደ ዘሀራ ገፋ አደረገች። ‹‹ድንች ነው፤ ከሽያጫቸው የገዙት። ‹ስትመጡ ለልጄ ይዛችሁላት ኑ› ብለውን ነበር።››

ዘሀራ የጆንያውን አፍ ፈታች። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። አንድ ድንች አወጣች፤ የጎጆ ጥቁር አፈር እንደተጣበቀበት ነበር። በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ሌላ አወጣች።