በረሃብ የተሰፋ ሸራ

ልብስ ሰፊው ኪዳነወልድ የጎረቤቱን የዓብዱላሂን ሸራ በመቀስ ከቀደደ ሰባት ወር ሆነው። ነገሩ የነሐሴ ነው። ሸዋ በር ገበያ ከዓብዱላሂ ቅመም ሱቅ ደጃፍ የተወጠረው ሸራ ያቆረውን ውሃ በኪዳነወልድ ስፌት መኪና ላይ ዘረገፈው፤ ያለቀለት የሰው ሙሉ ልብስ ራሰ። ኪዳነወልድ ተነስቶ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ተረተረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም።

ኪዳነወልድ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሱቅ አይከፍትም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ገቡ። እሁድ ከሚስቱ ከለተማርያም ጋር ሊቆርቡ ተነጋገሩ፤ ነጠላዋን አጥባ ካስቀመጠች ሰንብታለች። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኒቆዲሞስ ግን ኪዳነወልድን ለብቻው ጠየቁት።

«ከጎረቤትህ ታርቀሃል?»

«እሱ እስላም ነው፣ አባቴ።»

«ሸራውን ስትቀድ ሃይማኖቱን ጠይቀሃል?»

መምሬ ኒቆዲሞስ ቀጠሉ።

«ሳትታረቅ እንዳትቀርብ። የምትቆርቡትም አብራችሁ ነው፤ እሷንም አስቀረሃት ማለት ነው።»

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ፣ ቅመም ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«ዓብዱላሂ።»

ዓብዱላሂ ከሚዛኑ ቀና አለ። «አፍ አለህ እንዴ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

ዓብዱላሂ እርድ የነካውን እጁን በሽርጡ ጠረገ። «አፉ ብዬሃለሁ። ግን አብረን እንብላ፤ ያለዚያ እርቅ አልለውም» አለ።

«እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል እቀምሳለሁ።»

«እኔ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲባል። ሦስት ሰዓት መቆየት ያቅትሃል?»

«አያቅተኝም።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለህ ከምትቁለጨለጭ ይህን ስፋ» ብሎ የተቀደደውን ሸራ ወረወረለት።

ኪዳነወልድ ሰፋ። አንጀቱ ጮኸ። ዓብዱላሂ በየግማሽ ሰዓቱ አንገቱን ብቅ እያደረገ፣ «አለህ? ወይስ ወደቅህ?» ይለዋል።

አዛን ሲሰማ የዓብዱላሂ ሚስት አሚና ተምርና የተከደነ ሳህን ይዛ መጣች። ተምሩን ቀመሱ። ሳህኑ ሲከፈት ትኩስ ሳምቡሳ ነው። ኪዳነወልድ አንዱን እንዳነሳ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሥጋ ከሆነ ጾሙም ሃይማኖቱም አይፈቅድለትም፤ ቢመልሰው ደግሞ እርቁ ሊፈርስ ነው።

«ምስር ነው፣ አይዞህ» አለች አሚና። «ዘይቱም አዲስ ነው።»

ያኔ ሳህኑን ልብ አለው። ባለ ቀይ አበባ፣ ጠርዙ የተሸረፈ። የሸረፈውም እሱ ራሱ ነው።

«ይህ የኛ ቤት ሳህን ነው።»

«ለተማርያም ማክሰኞ ሽሮ ልካበት ነው። ሐሙስ ይመጣል ያለችኝም እሷ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትላላኩት?»

«መች አቋረጥን? የተኳረፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ዓብዱላሂ በሳቅ ትን አለው። «እኔም ገና መስማቴ ነው፣ ወላሂ።»

እሁድ ባልና ሚስቱ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቀስ እያሉ በሸዋ በር ወደ ቤታቸው አለፉ። የቆረበ ሰው እንደማያወራ ዓብዱላሂ ያውቃል። ከሸራው ሥር ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ጠበቃቸው።

«ኪዳነወልድ፣ ዛሬ መልስ መስጠት ስለማትችል ልንገርህ። ስፌትህ ጠማማ ነው።»

የለተማርያም ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ኪዳነወልድ ቆመና ቀና ብሎ ስፌቱን አየ። እውነትም ጠማማ ነው። ራሱን በመነቅነቅ አመነለት፤ ነጠላውንም አጥብቆ ይዞ መንገዱን ቀጠለ።