የአጫሽ አረቦን

...እና ያጨሱ እንደሆነ አረቦኑ ይጨምራል፣ ይላል የኢንሹራንሱ ሰው፣ አረቦን ማለት ለሕይወት ዋስትናው በየወሩ ከደሞዝ የሚቆረጠው ነው፣ ለሚያጨስ አንድ ዋጋ፣ ለማያጨስ ሌላ ዋጋ፣ ወይ ጉድ! ኪዳነ ማርያም አፉን ከፍቶ ይሰማል፣ የኢንሹራንስ ሊቃውንት አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብስ ሲሸምን የሚውል ሰው ሳንባው እስከ መቼ እንደሚያዘልቀው ይገምታሉ፣ ስንቱን ሟች መዝግበው ይሆን፣ ሞት እኮ ሳይታሰብ ነበር የሚመጣው፣ ለካ መምጫውን አድብተው የሚያዩ ሰዎች አሉ።

ታዲያ ጓድ ኪዳነ ማርያም፣ ያጨሳሉ?

ዛሬ ይጠየቃል? አባቱ ቄስ ገብረ ሕይወት ከአንኮበር መጥተው መደቡ ላይ በተቀመጡበት ቀን? ለእሳቸው ትንባሆ ሰይጣን በእጁ የተከለው ነው፣ አጫሽ ቤት እህል አይቀምሱም፣ እሱ ደግሞ ከፋብሪካው አጥር ሥር ኒያላ ሲጋራውን ሲምግ ይውልና፣ እሳቸው መጡ ሲባል ጤና አዳም ያኝካል፣ ትንፋሹን ውጦ መስቀል ይሳለማል።

አላጨስም ይበል፣ በቃ። ግን ሰውዬው ተናግሯል፣ የዋሸ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም፣ ልጆቹ ገና ጥሬ ናቸው፣ ሚስቱ ወለተሐና በምን ታሳድጋቸው፣ አዎ ካለ ደግሞ አባባ በትራቸውን አንስተው ይወጣሉ፣ ይህን ደጅ ዳግም አይረግጡም፣ አንተ አምላክ፣ የቱ ይሻላል?

ያጨሳል።

ማነው?

ጻፍ ልጄ፣ ያጨሳል ብለህ ጻፍ፣ ይላሉ አባቱ።

አባባ! ያውቁ ኖሯል? ከመቼ ጀምሮ?

መስቀል ስትሳለም አፍህ እጄ ላይ አይደል ኪዳኔ፣ አፍንጫ የለኝም መሰለህ?

እያወቁ። ያን ሁሉ ዘመን እየሸተታቸው፣ መስቀሉን አንድ ቀን ሳይነፍጉት፣ ግንባሩን ዳብሰው፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው፣ አዲስ አበባ ያሉት ሊቃውንት ይህንንስ በምን ቀመር ያሰሉታል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፣ ደግሞም ደስ ብሎታል፣ እንዴት ያለ ሰው ነው የወለደው!

የተወ እንደሆነስ ይቀንሳል?

ይቀንሳል አባታችን፣ ዓመት ከቆየ በኋላ ተመርምሮ።

እንግዲያ እስኪተው ድረስ ጭማሪውን እኔ እከፍላለሁ፣ ይላሉ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ እኚህ ከሁለት በግ በቀር ሀብት የሌላቸው ሰው፣ ያለቻቸውን ብር ሊያወጡ የመቀነታቸውን ቋጠሮ መፍታት ይጀምራሉ፣ ቋጠሮው እንቢ ይላል፣ ኪዳነ ማርያም ተነስቶ እግራቸው ሥር ይንበረከክና ቋጠሮውን መልሶ ያጠብቅላቸዋል።