የተዘጋው መጋዘን ሰዎች

«በረዶው» ይሉታል፤ አንድም ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ስለሆነ፣ አንድም ቃል ከአፉ በመከራ ስለሚወጣ። ያን ቀን ከወተት ፋብሪካው ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ለፈተና የተበላሸ ሞተር ሰጥተውት ፈትቶ ገጥሞ አስነሥቷል። የቅጥር ኃላፊዋ ግን፣ «እጅህን አይተናል። ጠባይህን የሚያውቅ፣ አብሮህ የሠራ ሰው እስከ ዓርብ አምጣ። አለዚያ ተጠባባቂውን እንጠራለን» አለችው።

ከየት ያምጣ? ጉልበቱን የጨረሰበት የዓሣ መጋዘን ተዘግቷል። ባለቤቱ አርፈዋል። ሠራተኛው እንደ ጉም በኖ የት እንደገባ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ያለ ቋሚ ሥራ ቆይቷል፤ ይህም ካመለጠው የተከራየውን ቤት ለቅቆ ጓዙን ጠቅልሎ ታናሽ እህቱ ላይ መውደቁ ነው።

እህቱ በፀጉር ቤቷ የአንዲትን ደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ሳለ ሄዶ ነገራት።

«ጋሼ፣ በኢንተርኔት ያለው የሥራ ገጽህስ? እስቲ ስልክህን አምጣው።»

ከፈተችውና ከት ብላ ሳቀች። በፎቶው ቦታ ፍሪጅ ቆሟል፤ ከሥሩ «ሥራ ፈላጊ» ከሚለው በቀር ሌላ የለም።

«ሥራ የሚፈልገው ፍሪጁ ነው ወይስ አንተ?»

«ሰው ስለ ራሱ ምን ብሎ ያወራል? ነውር ነው።»

«የት እንደ ሠራህ መናገርም ነውር ሆነ?»

«የተዘጋ ቤት ምን ይጻፋል፣ እቴ? ሙት አይመሰክር።»

ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። «እኔ በሰው ነገር ገባሁ እንጂ፣ መጋዘኑ ሲዘጋ ሰዎቹንም አብረው ቆለፉባቸው እንዴ?»

እህቱ በረዶውን ከፀጉር ማድረቂያው ሥር አስቀምጣ ፎቶ አነሣችው፤ ከዚያ ጥርስ እንደምትነቅል እያንዳንዱን ቃል ከአፉ አወጣች። የመጋዘኑን ስም ጻፈች፤ የጠገናቸውን ማቀዝቀዣዎች፣ ሥራ ያስተማራቸውንም ልጆች ጨመረች።

«ሥራም አስተምረሃል?» አለች ደንበኛዋ። «እና ይህን ደብቀህ ልትቀበር ነበር?»

በረዶው ስልኩን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ወደር የሌለው» የሚለውን አጠፋ። «ይህ ውሸት ነው። ሌላው እውነት ነው፤ ይሁን።»

በማግሥቱ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለለት።

«አንተ በረዶው! በሕይወት አለህ?»

የመጋዘኑ የንብረት ኃላፊ የነበረችው ሴት ናት፤ ዛሬ የመድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ትሠራለች። ገጹ ላይ የመጋዘኑ ስም ሲገባ ድረ ገጹ «የድሮ ባልደረባሽ» ብሎ እሱን አሳይቷት፣ ስልኩንም ከዚያው አግኝታ ነው።

«የሚመሰክርልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አላት፤ ለእሱ ይህም ብዙ ንግግር ነው።

«እኔስ ምንድን ነኝ፣ ሳጥን?» ብላ ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ገጹ ላይ፣ «መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ወደየቤታችን ስንበተን፣ እሱ ግን ጄኔሬተሩን ሲያስነሣ ከዓሣው ጋር አደረ። ቁልፌን ሰጥቼ በሰላም ተኝቼ የማድረው ለእሱ ብቻ ነበር» ብላ ጻፈች። እሷን አይተው ካስተማራቸው ልጆች ሁለቱ ተከተሉ፤ ከዚያ የመጋዘኑ የድሮ ሾፌር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እህቱ ገጹን የላከችላት የወተት ፋብሪካው የቅጥር ኃላፊ ደወለች። «ሰው አምጣ አልን እንጂ ሰልፍ አምጣ አላልንም!» አለችው እየሳቀች። «ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ።»

በረዶው ደረጃ ላይ ነበር፤ እዚያው ተቀመጠ። ከደረቱ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሣለት ያህል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ ለእህቱ ደወለ።

«ጋሼ? ምን አሉህ? ኧረ ተናገር፣ አታስጨንቀኝ!»

ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው።