እጅ የተከለከለበት ኬክ

ወይዘሮ እህተማርያም ልጃቸውን ባልቻን ሊጠይቁ ናይሮቢ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ባልቻ የሚሠራበት የአበባ ድርጅት ሆላንዶች የንግሥታቸውን ቀን ሊያከብሩ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። የባልቻም ቤተሰብ የሆላንዶቹን የበዓል ቀለም፣ ብርቱካናማ ለብሶ ሄደ። ምራታቸው ዘመናይ ከኢስትሊ ገበያ ገዝታ ያመጣችላቸውን ሻሽ ሲያስሩ፣ “ደግሞ የማንን ንግሥት ላነግሥ ነው?” ብለው አጉረመረሙ፤ ግን መስታወቱን ሁለቴ አይተዋል።

የዕለቱ ጉዳይ የሚጣ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አምና እዚሁ በዓል ላይ በኬክ ንክሻ ውድድር በሥራ አስኪያጁ ልጅ በዮስት ተሸንፋለች። ዮስት ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ባገኛት ቁጥር ጥርሱን እያፋጨ ሲያበሽቃት ከርሟል። እሷም አንድ ወር ሙሉ መኝታ ቤቷ በር ላይ ዳቦ አንጠልጥላ ስትለማመድ ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቅመም የገባበት ቁራጭ ኬክ በክር ይንጠለጠላል። ስድስቱ ተወዳዳሪ ልጆች ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ፣ የየራሳቸውን በአፋቸው ብቻ ይበላሉ። ቀድሞ የጨረሰ የእንጨት ጫማ ይሸለማል።

“ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?” አሉ ወይዘሮ እህተማርያም።

“ጨዋታ ነው፣ እማዬ፣” አለ ባልቻ።

“እኛ አገር ለውሻ እንኳ መሬት ላይ ነው የሚቀመጥለት።”

ፊሽካ ተነፋ። ዮስት ኬኩን ወዲያው አገኘው። የሚጣ ግን አፍንጫዋን መታ፣ በጆሮዋ በኩል ዞሮ ተመለሰ። አንገቷን እያሰገገች ባዶ አየር ትነክሳለች። አያቷ ሁለቴ ቻሉ። በሦስተኛው ባልቻ ፊቱን ሲያዞር ጠብቀው ገቡና ኬኩን ከክሩ መንጭቀው፣ በሦስት ጣታቸው ድቡልቡል አድርገው አጎረሷት።

ፊሽካው እንደገና ጮኸ። ዳኛዋ የዮስት እናት ነበረች። በትሕትና አንድ ነገር ተናገረች።

“ምን አለች?”

“እጅ ክልክል ነው አለች፣” አለ ባልቻ ላብ እያጠመቀው።

“የልጅቷ እጅ ታስሯል። የኔን እጅ ማን ከለከለው? ንገራት።”

ባልቻ ወደ ዳኛዋ ዞሮ፣ “እናቴ ከልብ ይቅርታ ትጠይቃለች፣” ብሎ በእንግሊዝኛ ተረጎመ።

“ዳዲ፣ እንደዚያ አላለችም እኮ፣” አለች ሚጣ ጉርሻዋን እየዋጠች፤ ቃል በቃል ተረጎመችው። ዳኛዋ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀቷን አየች።

ወይዘሮ እህተማርያም ግን ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱን ልጅ አጉርሶ ሌላውን ማስጎምጀት ነውር ስለሆነ በሰልፉ ወርደው ስድስቱንም አዳረሱ። ለዮስት የራሱንም የጎረቤቱንም ትራፊ አንድ ላይ ጠቅልለው ሰጡት። የልጁ ጉንጮች ተነፉ።

ሁሉም ስለጎረሱ አንዱን ለይቶ ከውድድሩ ማስወጣት አልተቻለም። ዳኛዋ ውድድሩ በአዲስ ኬክ እንዲደገም ወሰነች።

“እሺ፣” አለች ሚጣ፣ “ግን አያቴም እጇን ትታሰር። አለበለዚያ አልጫወትም።”

ዘመናይ አንገቷን አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮዋ እጃቸውን ራሳቸው ወደ ኋላ አደረጉ፤ በብርቱካናማ ሪባን ታሰሩ። ፊሽካ ተነፋ። ሚጣ አፏን በከፈተች ቁጥር የእሳቸውም አፍ ይከፈታል። ልጅቷ ኬኩን በአገጯ አስቁማ፣ አንዴ ነከሰች፣ ሁለቴ ነከሰች። ዮስት ግን የቅድሙን ገና አልዋጠም። አፉን ሊከፍት ይሞክርና ይተወዋል።

ሚጣ ባዶውን ክር በጥርሷ ይዛ ቀና አለች። የእንጨቱ ጫማ የእሷ ሆነ።

ባልቻ እናቱን በጥርጣሬ ተመለከተ። “እማዬ፣ ዮስትን ያን ያህል ለምን አጎረስሽው?”

“እንግዳ አይደል? ለእንግዳ ትልቁ ነው የሚሰጠው።”

“እንግዶቹ እኮ እኛ ነን።”

ወይዘሮ እህተማርያም የዮስትን የተነፋ ጉንጭ አየት አደረጉ።

“እሱስ ልክ ነህ፣” አሉና ጀርባቸውን ሰጡት። “በል እጄን ፍታልኝ።”